ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ፦ ከአዋጅ ነጋሪነት እስከ ገበያ

የኢትዮጵያን የቴሌቪዥን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት፣ ነገሥታቱ ሕዝባቸውን ያናግሩበት ከነበረው ከአዋጅ ሥርዓት መነሣት ያስፈልጋል። አዋጅ የሚታወጀው በነጋሪት ሲሆን፣ ነጋሪት ማለት የሥልጣን ምልክት የሆነ፣ ተራ ሰው ሊያስመታው የማይፈቀድለት ትልቅ ከበሮ ነው። አዋጅ ነጋሪው ብዙ ሰው የሚሰበሰብበትን የገበያ ቀን ይመርጣል፤ ነጋሪቱ ተመትቶ ገበያተኛው ጸጥ ሲል የንጉሡን ቃል ጮክ ብሎ ያሰማና፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ አዝዞ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሕዝቡን ለዐድዋ ዘመቻ የጠሩት በዚሁ መንገድ ነበር። በዚህ ሥርዓት ቃሉ የሚወርደው ከላይ ብቻ ቢሆንም አድማጩ ለብቻው አይሰማም፤ ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ያዳምጣል፣ ወደ መንደሩ ሲመለስም የሰማውን በመንገድ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር እየመዘነና እየተረጎመ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ራሱ ለቤተሰቡ ነጋሪ ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማውጫ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ መባሉ፣ መንግሥት ለአዲሱ የኅትመት መሣሪያ የሰጠው ሥራ የቀድሞውን የከበሮ ሥራ እንደ ነበር ያሳያል፤ ቴሌቪዥንም ከሠላሳ ዓመት ላነሰ ጊዜ ቆይቶ ሲመጣ የወረሰው ይህንኑ ሥራ ነው።

ከቴሌቪዥን በፊት የአዲስ አበባ ሕዝብ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር የተዋወቀው በሲኒማ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ቤት በሕዝቡ ዘንድ የሰይጣን ቤት መባሉ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ታሪክ ነው። ሬዲዮ ግን በመንግሥት እጅ የገባው በችግር ጊዜ በመሆኑ የተቀበለው አቀባበል ከዚህ የተለየ ነበር። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት ወቅት የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ለማሰማት አገልግሏል፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱም አልጋ ወራሹ አዲሱን መንግሥት የሚያበሥረውን መግለጫ ያነበቡት በሬዲዮ ነበር። ያ ሙከራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢከሽፍም፣ ማሠራጫ ጣቢያን የያዘ ለሕዝብ የመናገርን መብት እንደሚይዝ ለወዳጅም ለጠላትም አስተምሮ አልፏል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የሚከበርበት ነበርና፣ አዲሱ ጣቢያ ለንጉሠ ነገሥቱ እንደ በዓል ስጦታ የቀረበ ያህል ነበር። ጊዜው አዲስ አበባ የአህጉሩ መዲና ለመሆን የምትጣጣርበት ወቅት ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. በከተማይቱ ተመሥርቷል፣ እንግዶችም ከየአገሩ ይመላለሳሉ፣ የራሷ ቴሌቪዥን የሌላት መዲና መሆን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የክብር ጉድለት መስሎ ይታይ ነበር። ጣቢያው የተቋቋመው ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ቴክኒካዊ እገዛ ሲሆን፣ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ፣ በምሽት ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚተላለፍና ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማያልፍ ነበር፤ መቀበያውም በሹማምንትና በባለጸጎች ቤት፣ በሆቴልና በጥቂት ቡና ቤቶች እንጂ በተራው ሰው ቤት አይገኝም ነበር። ዜናው የሚከፈተው በንጉሠ ነገሥቱ ውሎ ነው፤ ማንን እንዳነጋገሩ፣ ምን እንደመረቁ፣ የት እንደጎበኙ በቅደም ተከተል ይነገራል። ነጋሪቱ የተመታው በሌላ መሣሪያ ሆነ እንጂ የቃሉ አወራረድ አልተለወጠም።

ከዚህ አዋጅ መሰል ሥርጭት መካከል አንድ ለየት ያለ ድምፅ ወጣ። ሴት ተዋናዮች ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየተላበሱ በመድረክ የተወኑት ተስፋዬ ሳህሉ፣ በጣቢያው የመጀመሪያ ዘመን የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ፤ አባባ ተስፋዬ በሚለው ስማቸውም ከ40 ዓመት በላይ ተረት እየነገሩ፣ ልጆችን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉ ሲጠሩ ኖሩ። አባባ ተስፋዬ በሦስት መንግሥታት ሥር የሠሩ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የዜናው ቋንቋ ከዙፋን ወደ አብዮት፣ ከአብዮት ወደ ልማት ሲለዋወጥ የእርሳቸው ተረት ግን በአያት ቤት በምድጃ ዳር ከሚነገረው አልራቀም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሰው አያት ሆኖ የልጅነቱን ምሽት የሚያስታውስ ትውልድ ጭምር መሆኑ፣ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልብ ውስጥ የገባው ከዜናው ይልቅ በተረቱ በር እንደ ነበር ለመናገር ያስደፍራል።

ምስል በፖለቲካ ላይ ያለው ኃይል ጎልቶ የወጣው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ስለ ደረሰው ረሃብ የሠራው ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በወሎ ሕዝብ በመንገድ ዳር ሲረግፍ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ዝም ብለው ነበርና፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ የሆነውን በዓይኑ ለማየት የባዕድ አገር ካሜራ አስፈለገው። ሥልጣን በመያዝ ላይ የነበረው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ይህን ፊልም በአዲስ ዓመት ምሽት አስተላለፈው፤ ነገር ግን እንደ ተሠራ አላቀረበውም። በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የወይንና የኬክ ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች እንዲሰገሰጉበት ተደረገ። ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በቃል ያልተነገረ ፍርድ ይናገራሉ፣ ያን ፍርድም ተመልካቹ ከራሱ ልብ የፈለቀ አድርጎ ይቀበለዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲያዩት ተነግሯቸው እንደ ነበር ይተረካል። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን መቀበያ የነበረው ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የፊልሙ ጉልበት ያየው ሰው ላላየው በመንገሩ ላይ ነበር፤ በየጠጅ ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየታክሲው ስለ ውሾቹ ሥጋ የተነገረው ወሬ ፊልሙ ሊደርስ ከማይችልበት ደርሷል። እዚህ ላይ አንድ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ረሃቡ መታየቱ ትክክል ነበር፣ ከዚያ ቀደም መደበቁም ይቅር የማይባል በደል ነበር፤ ሆኖም የተራቡት ሰዎች በዚያ ምሽት በስክሪኑ ላይ የቀረቡት ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ እንዲመሰክሩ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪኩ በሚያሳዝን ሁኔታ ተደገመ። ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን ምሥረታ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በታላቅ ድምቀት ሲያከብር የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭትም ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ የቀለም ምስሎች የሰልፍ፣ የባንዲራና የመድረክ ምስሎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ የአገሪቱ ቴሌቪዥን ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ ዝም አለ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለ የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ በለንደን ታየ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ለእርዳታ ዘፈን አወጡ፣ በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ከለንደንና ከፊላደልፊያ በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ። እርዳታው ብዙ ነፍስ አድኗል። የኮረም ምስል ግን የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆኖ ቀረ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አገራቸው ሲጠየቁ ከዚያ ምስል ጋር የሚታገል መልስ ለመስጠት ለብዙ ዓመታት ተገድደዋል፣ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት በዚያው ምስል ሲቀለድባቸው አድገዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቴሌቪዥን በተራው ሰው ኑሮ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ፣ ፖለቲካው ከሚታይበት ቦታ ይልቅ በመንደር ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። በደርግ ዘመን ሥርጭቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋና በቀበሌ አዳራሾች መቀበያ ሲቀመጥ፣ ማየት የጋራ ሥራ ሆነ። ቴሌቪዥን የገዛ ቤተሰብ ዕቃውን ከቡፌ ላይ አስቀምጦ በዳንቴል ይሸፍነዋል፣ አንዳንዱም በር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል፤ ማታ ሣጥኑ ሲከፈት የሰፈር ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። የሰፈር ልጆችን ሳንቲም እያስከፈሉ የሚያሳዩም ነበሩ። የእሑዱን መዝናኛ ዝግጅት፣ ከስሙ እንደሚታወቀው 120 ደቂቃ የሚቆየውን መቶ ሃያን፣ ወይም የዓለም ዋንጫ ጨዋታን በዚህ ዓይነት ያየ ሰው ያስታወሰው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ሳቅና ቁጣ ጭምር ነው። ዜናውም እንዲሁ በጋራ ይመዘን ነበር። በዜና የተባለውንና ያልተባለውን አስተያይቶ መረዳት፣ ለምሳሌ አንድ ባለሥልጣን ለሳምንታት በስክሪን ላይ ካልታየ ምን እንደደረሰበት መገመት፣ ጎልማሶች በሹክሹክታ የሚለማመዱት ችሎታ ሆነ። ከአዋጅ ሥርዓት የወረደው በጋራ ሰምቶ በጋራ የመመዘን ልማድ በቴሌቪዥን ዘመን ሳይሞት የቆየው በዚህ ሁኔታ ነበር፤ ቀጥሎ የሚወሱት ለውጦች ክብደትም የሚለካው በዚህ ልማድ ላይ ባደረሱት ጉዳት ነው።

የንግድ ማስታወቂያ፣ ማለትም ሻጭ ዕቃውን ለማሳወቅ ከፍሎ የሚያስነግረው ወይም የሚያሳየው መልእክት፣ በኢትዮጵያ ከቴሌቪዥን ይቀድማል። በሱቅ ግንባር ላይ በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ፣ በጋዜጣ ጥግ የታተመ መልእክት፣ በመኪና ላይ ተጭኖ በየሰፈሩ የሚዞር ድምፅ ማጉያ፣ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ሎተሪ ትኬት ሻጮች ጥሪ የዚህ ሙያ ቀደምት መልኮች ናቸው። በደርግ ዘመን ትልልቁ ንግድ በመንግሥት እጅ ስለነበረና ዕቃም ስለማይትረፈረፍ ሻጭ ገዢን የሚያባብልበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲፈቀድ፣ የግል ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ የሳሙናና የምግብ ፋብሪካዎች እየበዙ ሲሄዱ ማስታወቂያ የራሱ ባለሙያዎች ያሉት መተዳደሪያ ሆነ። የመድረክ ተዋናዮች ድምፃቸውንና ፊታቸውን ለዕቃ ማስተዋወቂያ ማዋል ጀመሩ፤ ሙያው ለጥበብ ሰው ከቲያትር የማይገኝ ገቢ አስገኘለት፣ ይህም ሊነቀፍበት የሚገባ ነገር አይደለም። ስፖንሰር የሚለው ቃል፣ ማለትም የአንድን ዝግጅት ወጪ ከፍሎ በምትኩ ስሙ እንዲጠራለት የሚያደርግ ድርጅት፣ በአማርኛ ተናጋሪው አፍ የተለመደውም በዚህ ዘመን ነው።

ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያፈሰሰው የቢራ ንግድ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ለፈረንሳዩ ካስቴል ከተሸጠ በኋላ፣ ሄይንከን በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ ደግሞ ሜታን በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ገዙ፤ ዳሽንና ሐበሻም በዚሁ ፉክክር ውስጥ ነበሩ። ጣዕማቸው የተቀራረበ ምርቶች የሚለያዩት በስማቸውና በምስላቸው ብቻ በመሆኑ፣ ድርጅቶቹ የአገርን ታሪክ፣ የጀግንነትን፣ የወዳጅነትንና የበዓልን ስሜት ከጠርሙሱ ጋር ለማስተሳሰር ተሽቀዳደሙ። በአውዳመት ቀን የሚተላለፈው ዝግጅት ሁሉ በቢራ ድርጅት ስም የሚከፈት ሆነ፤ ልጆችም በዓልን ከጠላና ከዳቦ ጋር ሳይሆን ከቢራ ዜማ ጋር ማያያዝ ለመዱ። ሙያው የሚመራበት የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከወጣ በኋላም ፉክክሩ አልቀነሰም። በመጨረሻ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅ ከለከለ፤ ብሮድካስት ማለት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ሥርጭት ነው። ክልከላው ለልጆች ሲባል የተገባ እርምጃ ነበር፤ በዚያው ልክ የጣቢያዎቹን ጓዳ ገልጦ አሳየ። ከቢራ ገቢ ውጭ መቆም የማይችሉ ጣቢያዎች ዝግጅት ቀነሱ፣ ባለሙያ አሰናበቱ፤ ከመንግሥት ጥገኝነት ወጣን ሲሉ ወደ ጥቂት ከፋዮች ጥገኝነት ገብተው እንደ ነበር ታወቀ።

በዚህ መካከል ዲሽ፣ ማለትም ከሳተላይት ሥርጭት የሚቀበለው ሳህን፣ የየጣሪያውን ገጽታ ለውጦታል። በአገር ውስጥ የግል ቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ ባልተፈቀደበት ሁኔታ ተመልካቹ የዓረብ ጣቢያዎች የሚያሳዩትን የሆሊውድ ፊልም ሲያይ ቆየ፤ በአማርኛ የሚናገሩ ጣቢያዎችም ከውጭ አገር ተነሥተው ገቡ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሥርጭት ሲጀምር፣ በሜሪላንድ የሚኖረውንና በአዲስ አበባ የሚኖረውን ተመልካች በአንድ ዝግጅት አገናኘ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም እንደ ገመናና ሰው ለሰው ያሉ ተከታታይ ድራማዎችን ሲያሳይ ሰው ሥራውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገሰግስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው ጣቢያ የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተረጎመ ማቅረብ ሲጀምር ግን ትልቅ ክርክር ተነሣ። የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች የባዕድ ባህል ቤት ገባ፣ የአገር ውስጥ ፊልም ገበያም ተዘጋ ሲሉ ለመንግሥት አቤት አሉ። አቤቱታቸው በከፊል እውነት ነበረው፤ አንድ አገር ውስጥ የሚሠራ ድራማ በሌላ አገር ወጪው ተመልሶ በርካሽ ከሚሸጥ ድራማ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። የባህሉን ክስ በተመለከተ ግን ተመልካቹ፣ በተለይም የቤት እመቤቶችና የቤት ሠራተኞች፣ ስለ ውርስ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ተደበቀ ልጅ የሚተርከውን ያን ድራማ የወደዱት ከራሳቸው ኑሮ ጋር ስለሚቀራረብ ነበርና፣ የአገር ውስጥ ደራሲዎች ከመክሰስ በፊት ይህን ማጤን ነበረባቸው።

ስክሪን ከላይ ብቻ የሚወርደውን ቃል ይዞ ወደ መማሪያ ክፍልም ገብቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት ይተላለፉ ጀመር፤ ተማሪው ዕቃውን በመሣሪያው ዓይነት ፕላዝማ ብሎ ጠራው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ያልፍ፣ መልስ እንዲሰጥ ጥቂት ሰከንድ ይፈቅድ ነበር፣ ተማሪ አልገባኝም ቢል አይሰማም ነበር፤ የክፍሉ መምህርም በራሱ ክፍል ረዳት ሆኖ ይቆም ነበር።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ውድና ዘገምተኛ ነበር፤ በፒያሳና በቦሌ የኢንተርኔት ካፌዎች ውስጥ ሰው በደቂቃ እየከፈለ በውጭ ላለ ዘመዱ ይጽፍ ነበር። የሞባይል ስልክ ሲስፋፋ ግን ስክሪኑ ከቡፌ ወርዶ በየሰው መዳፍ ገባ። ከዚህ በፊት አንድ ቤት ሙሉ ሰው አንድ ምስል ያይ የነበረው፣ አሁን በአንድ ክፍል የተቀመጡ አምስት ሰዎች አምስት የተለያዩ ምስሎች ያያሉ፤ ማን ምን ማየት እንዳለበትም የሚመርጥለት፣ ማስታወቂያ በመሸጥ የሚኖረው የባዕድ ኩባንያ የስሌት ቀመር ነው። ቀመሩ የሚሸልመው ተመልካቹን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያቆየውን ሲሆን፣ ቁጣና ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሰውን ያቆያሉ። በጎረቤት ፊት ሲነገር በሳቅ ወይም በተግሣጽ ይቆም የነበረ ወሬ ለብቻ በሚነበብበት ጊዜ የሚያቆመው አላገኘም፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ግጭቶች የጥላቻ ንግግር በፌስቡክና በዩቲዩብ ተሠራጭቶ በሰው ሕይወት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ማኅበረሰቡ አይቶታል፣ በጉዳዩ ላይ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ መውጣትም አድርሷል።

የመንግሥት መልስ ግን ከሕግ ይልቅ ብዙ ጊዜ መስመሩን መዝጋት ሆኗል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሞባይል የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት ተለመደ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በክልሉ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ፣ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በጅዳ ያሉ ዘመዶች እናት አባታቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ከረሙ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሳይነገር የቀረው ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረና እርሱም ዝም ስላለ ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ ካሜራ ያለው ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን፣ ያው ዝምታ የመጣው ማብሪያ ማጥፊያው አሁንም በአንድ እጅ ስላለ ነው።